በምርቃት የተበተነው ስብሰባ

ሐሙስ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነገሩ ሁሉ ገና በቦታው ነበር። እንድሪያስና ሚስቱ አቢጋኤል ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ፣ በወር አራት ሺህ አምስት መቶ ብር በሚከፍሉባቸው ሁለት ክፍሎች ቁርስ ላይ ነበሩ። ነጭ ሸሚዙ ተተኩሶ የጓዳው በር ላይ ተሰቅሏል፤ ለነገ ነው። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ በሚደረገው ስብሰባ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ምክትል ኃላፊ ሆኖ እንደሚሾም ከአለቃው ከአቶ ታምሩ ሰምቷል። ከሹመቱ ጋር ሴቻ ሰፈር ሦስት ክፍል የመንግሥት ቤት አለ። አቢጋኤል ሁለት ጊዜ ሄዳ ቤቱን በአጥሩ ላይ አሻግራ አይታዋለች፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ አባያ ሐይቅ እንደሚያይ ታውቃለች፤ መጋረጃው ስንት ሜትር እንደሚፈጅም በዓይኗ ለክታለች። እንድሪያስ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለፖለቲካ ጽሕፈት ቤቱ አምስት ዓመት ሙሉ ንግግር አርቅቋል፣ ሪፖርት አጠናቅሯል፣ የሌላ ሰው ስም የሚፈረምበትን ደብዳቤ ጽፏል። በእነዚህ አምስት ዓመታት ከጻፈው ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ዞሮ ቤቱ ድረስ መጥቶበት አያውቅም።

በሩን ያንኳኩት አጎቱ ጋሽ ወልደየሱስ ነበሩ። የእናቱ ወንድም ናቸው። እናቱም አባቱም ካለፉ በኋላ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው የሙዝ ማሳቸው ውስጥ፣ ከገዛ ልጆቻቸው ሳይለዩ። ወደ ከተማ ሲወጡ ወይ ሙዝ ወይ ማንጎ በጆንያ ሳይዙ አይመጡም ነበር። ዛሬ እጃቸው ባዶ ነው። ጫማቸው ላይ ያለው የመስኖ ጭቃ ገና አልደረቀም። "ሳሮ" ብለው በጋሞኛ ሰላምታ ሰጥተው ገቡና ቆሙ። አቢጋኤል ወንበር ሳበችላቸው፣ ሻይ ቀዳች፣ ዳቦውን አስጠጋች።

"ይቀመጡ እንጂ አባባ። ሻዩ ይቀዘቅዛል።"

"ይቅርብኝ ልጄ። ዛሬ በሰው ቤት አልቀምስም።"

እንድሪያስ ዳቦውን እንደያዘ ቀና አለ። አጎቱ ከባድ ነገር በሆዳቸው ሲይዙ ነገሩ እስኪለይለት ድረስ በማንም ቤት እንደማይቀምሱ ከልጅነቱ ያውቃል። በሕይወቱ ይህን ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ጋሽ ወልደየሱስ ቆመው ነገሩት። ማክሰኞ ዕለት ሜትርና ቀይ ቀለም የያዙ ሦስት ሰዎች ማሳቸው ውስጥ ገብተው ለወንዝ ዳር ልማቱ ችካል የሚመታበትን ቦታ ምልክት ሲያደርጉ ደረሱባቸው። "ነገሩ እኮ ገና ነው፣ ዱቡሻው አልጨረሰም" ቢሏቸው፣ አንደኛው ልጅ ወረቀት አውጥቶ፣ "አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ መርቀው ተቀብለዋል፤ ተጽፏል" አላቸው። ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ቅሬታ ሰሚው ክፍል ሄዱ። እዚያም፣ "መርቆ የተቀበለ ሰው ቅሬታ የለውም" ተባሉ። የቅሬታ ማስገቢያው ጊዜ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ችካሉ ይመታል።

"እኔ መረቅኩ። አልመረቅኩም አልልም፤" አሉ። "ግን ለምን እንደምንመርቅ አንተ ታውቃለህ።"

ያውቃል። ዱቡሻው ሽማግሌዎች ተሰብስበው የአገር ጉዳይ የሚመክሩበት ሜዳ ነው፤ ትልቁ ዛፍ ሥር፣ እርጥብ ሣር ተይዞ። እዚያ እጅ አይቆጠርም። አንድ ሰው እንኳ ካልተስማማ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ የተቀጠረ ጉዳይም ያለ ምርቃት አይበተንም፤ ሰው የጋለ ሆዱን ይዞ ቤቱ እንዳይገባ። እንዲያውም ጭቅጭቁ በበረታ ቁጥር ምርቃቱ ይረዝማል። ያን ዕለት ስለ ወንዝ ዳር ልማቱ ለመምከር ጽሕፈት ቤቱ የጠራው ስብሰባ ሲበተን ምርቃቱ በጣም ረዝሞ ነበር። ሣሩን ከፍ አድርገው የመረቁት ጋሽ ወልደየሱስ ናቸው። እንድሪያስም ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ከሕዝቡ ጋር አሜን ብሏል።

"ማን እንደጻፈው ፈልግልኝ፤" አሉ አጎቱ። "ልጁን ልጣላው አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ ይሆናል፤ ወጋችንን አያውቅም። አንተ አስረዳው። 'ተሳስቼ ነው፣ ነገሩ ለሌላ ቀን ነው የተቀጠረው' ብሎ አንዲት ወረቀት ይስጥ። በቃ፣ ይቺው ናት።"

አቢጋኤል የሻዩን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ባሏን አየችው። ያንን ሪፖርት የጨረሰው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጮክ ብሎ ሲያነብላትም ነበር። እንድሪያስ ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰው።

"እሺ ጋሼ፤ እፈልገዋለሁ።"

"አንተ እያለህልኝ ምን እሆናለሁ፤" አሉና ወጡ።

አቢጋኤል ያልተነካውን ሻይ ወደ ማንቆርቆሪያው መለሰች። የመደብሩ ባለቤት መዝጊያውን ሲያነሳ ብረቱ ተንኳኳ።

"ለምን አልነገርካቸውም?"

"መጀመሪያ ላስተካክለው። ከዚያ እነግራቸዋለሁ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

"ከነገ በፊት ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች። ከዚያ ነጩን ሸሚዝ ከበሩ ላይ አውርዳ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባችው። አቧራ እንዳይነካው ይሁን ከዓይኗ እንዲርቅ እሱ አልገባውም፤ አልጠየቃትምም።

ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወጣው ባጃጅ ከመሙላቱ በፊት አይንቀሳቀስም። እንድሪያስ ከኋላ፣ በአንዲት ጎመን ሻጭና በአንድ ተማሪ መሀል ተጣቦ ተቀምጦ፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለራሱ በቅደም ተከተል አስታወሰ። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ የያዘው የቀበሌው ጸሐፊ ነው፤ "ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጥሮ ስብሰባው በምርቃት ተበተነ" ብሎ በትክክል ጽፏል። ማጠቃለያውን ወደ በላይ አካል የሚልከው ግን እንድሪያስ ነው። የማጠቃለያው ቅጽ ላይ "የኅብረተሰቡ አቋም" በሚለው ሥር ሁለት ሣጥን ብቻ አለ፤ ተቀብሏል፣ አልተቀበለም። ተቀጥሯል የሚል የለም። ባዶ የተተወ ቅጽ ደግሞ ይመለሳል። ዓርብ ነበር፣ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፣ ከአሥራ ሁለቱ ቀበሌዎች የቀረው ይኸው አንድ ነው። "አልተቀበለም" ቢል ውሸት ነው፤ እምቢ አላሉምና። "ተቀብሏል" ቢልም ውሸት ነው። ከሁለቱ ውሸቶች ስልክ የማያስደውለውን መረጠ። ከሥሩ ማብራሪያ ስለሚጠየቅ፣ "የአካባቢው ሽማግሌዎች ፕሮጀክቱን መርቀው ተቀብለዋል" ብሎ ጨመረ። ዱቡሻው በቀጠሮው ቀን ተሰብስቦ ሲጨርስ ይስተካከላል ብሎ ነበር። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ግን ጽሕፈት ቤቱ ማንንም አልላከም፤ በሪፖርቱ መሠረት ጉዳዩ አልቋላ። ሪፖርቱ ከተላከ ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው።

ቢሮ ሲገባ ሀሌሉያ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፎቶ ታነሳለች፣ የጽሕፈት ቤቱን የፌስቡክ ገጽ ትመራለች። የሶዶ ልጅ ናት፤ ጋሞኛ ሲያወሯት ወላይታኛ እየመለሰች ትግባባለች።

"ኧረ የሹመት ሰው! በዚህ ጫማ ነው ምክትል የምትሆነው? ሊስትሮ ጠላህ እንዴ?"

"ሀሌ፣ የዱቡሻውን ፎቶ ከገጹ አውርጂው።"

"ሺህ ሁለት መቶ ሰው የወደደውን? በሥራዬ ያገኘሁት ትልቁ ቁጥር እኮ ነው። ምነው፣ ቀናህብኝ?"

ነገራት። ሳቋን አቆመች። ፎቶውን ከፍታ አሰፋችው፤ መሀል ላይ፣ ሣሩን ከፍ አድርገው የያዙት ሽማግሌ ናቸው።

"አጎትህ ናቸው እኚህ?"

"አሳዳጊዬ ናቸው።"

"እኔ ምርቃት አየሁ፣ 'ተመረቀ' ብዬ ለጠፍኩ። የዚህን አገር ወግ ከየት ላውቅ? አንተ ግን..." አለችና አልጨረሰችውም። ፎቶውን አወረደችው። ቆየት ብላ፣ ፊቷን ከኮምፒውተሩ ሳትመልስ፣ "ማስተካከያውን ጻፈውና ስጥ፤" አለችው። "ሰርጌን ሁለት ጊዜ ያራዘምኩት ለዚህ መሥሪያ ቤት ነው። አንዴ በዘመቻ፣ አንዴ በግምገማ። አሁን እጮኛዬ ሚካኤል ስደውልለት ሰላም እንኳ አይለኝም፤ 'ስብሰባ ጨረስሽ?' ነው የሚለው። እኔ የምሰጠውን ሰጥቻለሁ። አንተ አጎትህን አትጨምርበት።"

አቶ ታምሩ ከስብሰባ የተመለሱት ከምሳ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ያልሞላቸው፣ እንቅልፍ የጎደላቸው ሰው ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ስልክና የጨጓራ መድኃኒት አይጠፋም። እንድሪያስን እስከ መጨረሻው ሰሙት። አላቋረጡትም።

"ባዶ ብትተወው ምን ነበረበት?"

"ባዶ የተተወ ቅጽ ይመለሳል ተብለን ነበር።"

"ያልኩት እኔ ነኝ፤" አሉ አቶ ታምሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። "እሱን አልክድም። እንግዲህ ስማኝ። 'የተሳሳተ መረጃ አስገብቻለሁ፣ ጉዳዩ ለሌላ ቀን የተቀጠረ ነው' ብለህ ጻፍ። ማህተም አደርግበታለሁ፤ አልከለክልህም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ስምህን ይዤ ስቀርብ ይህን ወረቀትም ይዤ ነው የምቀርበው። እሱን ደግሞ አልደብቅልህም።"

እንድሪያስ ደብዳቤውን በአምስት ደቂቃ ጻፈው። አራት መስመር ነበር፤ በሕይወቱ ከጻፋቸው ሁሉ አጭሩ። አትሞ ሲያነበው የራሱ ስም ሁለተኛው መስመር ላይ ብቻውን የቆመ መሰለው። ተመልሶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ስሙን አወጣ፤ ጽሕፈት ቤቱ ካለበት የእሱ ስም ምን ያደርጋል ብሎ። ቀጥሎ ስህተት የሚለውን አወጣ፤ ሌሎቹን አሥራ አንድ ቀበሌዎች እንዳያስጠረጥር። ከዚያ ጉዳዩ ተቀጥሯል የሚለውን፤ ታዲያ ለምን በቀጠሮው ቀን ሰው አልተላከም የሚል ጥያቄ ያስነሳልና። ይህ ሥራው ነው። ሌላው ሰው አንድ ቀን የሚፈጅበትን እሱ በአርባ ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ለዚህም ነው የሚሾመው። በመጨረሻ ደብዳቤው አሥራ አንድ መስመር ሆነ፤ የሽማግሌዎቹ ምርቃት "ከአካባቢው ባህል አንጻር ተጨማሪ ማብራሪያ ሊያስፈልገው እንደሚችል" ይገልጻል። አቶ ታምሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማህተሙን መቱበትና፣ "ጎበዝ ጸሐፊ ነህ፤" አሉት። ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም።

ቅሬታ ሰሚው ክፍል አንዲት መስኮትና ረጅም በረንዳ ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ሻሺቱ የሚባሉ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሴት ናቸው። ጋሽ ወልደየሱስን ከትናንት ያስታውሷቸዋል። ደብዳቤውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

"ልጄ፣ ምንድን ነው የሚለው?"

"ስለ ምርቃቱ... ማብራሪያ እንደሚያስፈልግ ነው።"

"ተቀብለዋል ነው የሚለው አልተቀበሉም?"

"ሁለቱንም አይልም።"

"እህ። እንግዲያ እኔ ምን ላድርገው?" አሉና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። "ይህን አስተያየት ብዬ ልመዘግበው እችላለሁ፤ አስተያየት ችካል አያስቆምም። ተሳስተናል የሚል አንድ መስመር ካለው ግን ቅሬታውን አሁኑኑ እከፍተዋለሁ። ሽማግሌው እኮ ትናንት እዚሁ ደረጃ ላይ ሲጠብቁ ውለዋል። ማንን አስቸግራለሁ አትበል፤ እስክሪብቶ ይኸውልህ፣ በእጅህ ጨምርበትና ፈርም። ገና አሥር ሰዓት ከሃያ ነው። እጠብቅሃለሁ።"

እስክሪብቶውን ተቀብሎ በረንዳው ላይ ወጣ። ወረቀቱን መከታው ላይ አነጠፈው። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩት ጫካው፣ ከጫካው ወዲያ ሐይቁ ይታያል፤ የአባያ ውሃ በዚያ ሰዓት የሸክላ መልክ አለው። የሚጽፋትን ዐረፍተ ነገር ያውቃታል፤ አራት ቃል ናት። አጎቱን አሰበ። የአቢጋኤልን መስኮት አሰበ። ከዚያ እንደ እሱ ባሉ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ሁልጊዜ የምትመጣው ሐሳብ መጣች፤ ነገ ምክትል ብሆንስ? ዛሬ ተራ ባለሙያ ሆኖ አንድ መስመር ከሚጽፍ ነገ ኃላፊ ሆኖ ጉዳዩን ከውስጥ ማስከፈት አይሻልም? ችካል እንደሆነ ተመቶም ይነቀላል። ሐሳቡ ጥሩ ሐሳብ መሰለው፤ ለአጎቱም የሚበጅ መሰለው። ከየአቅጣጫው መረመረው፤ እንከን አላገኘበትም። እንከን እየፈለገበት ሳለ ወይዘሮ ሻሺቱ መስኮቱን ሲዘጉ ሰማ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ሆኖ ነበር።

"ቆየሁልህ እኮ፤" አሉት፣ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው። እስክሪብቷቸውን ተቀበሉት። ወረቀቱን አላዩትም።

ኩልፎ ድልድይ ላይ ከባጃጅ ወርዶ ወደ ማሳው በእግሩ ሄደ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ጋሽ ወልደየሱስ የመስኖ ተራቸው ስለነበር ውሃውን በመቆፈሪያ ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው እየመለሱ ነበር። ሲያዩት ቀና አሉ።

"አገኘኸው? ልጁን?"

"ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ወደ ቦዩ ዞሩ። ውሃው የያዙትን መደብ እስኪሞላ ጠበቁ፣ በአፈርና በሙዝ ቅጠል ደፈኑት፣ ቀጣዩን ከፈቱ። እንድሪያስ የቀረውን ሁሉ፣ ሣጥኑንም ደብዳቤውንም በረንዳውንም፣ ለጀርባቸው ነገረው።

"አንተ እዚያ ነበርክ፤" አሉ በመጨረሻ።

"ነበርኩ።"

"ሣሩን ስናነሳ አሜን ስትል አይቼሃለሁ።"

"ብያለሁ።"

"እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስም መመለስ ትችል ነበር።"

"እችል ነበር።"

ጋሽ ወልደየሱስ መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉት። "ዛሬ ሙሉ ቀን የሰፈሩን ሰው ስማጸን ዋልኩ፤" አሉ። "ተናደው ነበር። 'የጻፈው ልጅ ወጋችንን አያውቅም፣ ባለማወቅ ነው፣ አትርገሙት' ስላቸው ዋልኩ። አንድ ሳይቀር አሳመንኳቸው።" ድምፃቸው አልተቆጣም። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። "አሁን ማታ ቤት ለቤት ሄጄ ምን ልበላቸው?"

ሲመሽ ወደ ቤት ሄዱ። ቤት ውስጥ የአጎቱ ሚስት በሽፈራው ቅጠል የተሠራ የበቆሎ ራት አቀረበችለት፤ ምንም አልሰማችምና ስለ ሹመቱ እየጠየቀች አጥብቃ አበላችው። አጎቱ በረንዳው ላይ ባለው ግንድ ተቀምጠው ወደ ወንዙ ያዩ ነበር። ሴትየዋ "ና ግባ፣ ልጁ ብቻውን ይብላ?" ስትል፣ "ይብላ፤ ቤቱ ነው፤" አሉ እንጂ አልገቡም።

ዓርብ ዕለት እንድሪያስ ያለ ተቃውሞ ምክትል ኃላፊ ሆነ። ሰኞ ችካሉ ተመታ፤ ከጋሽ ወልደየሱስ ማሳ ሁለት ሦስተኛው፣ ቦዩ ያለበት ወገን፣ ከችካሉ ወዲያ ቀረ። እንድሪያስ በአዲሱ ሥልጣኑ ጉዳዩ እንዲከፈት ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፣ ስሙንም ስህተቱንም በግልጽ አስቀምጦ፤ ለሁለቱም የመጣው መልስ አንድ ነው፤ የቅሬታ ጊዜው አልፏል። አቢጋኤል ሴቻ ገብታ ለወጥ ቤቱ መስኮት ሁለት ሜትር መጋረጃ ሰፋች፤ ብዙ ጊዜም እንደተዘጋ ይውላል። አጎቱ ቤቱን አላዩትም። በበዓል ስልክ ሲደውልላቸው ያነሱለታል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሙዝ ዋጋ ያወሩታል፣ ለአቢጋኤልም ሰላምታ ይልካሉ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት አምስት ወራት ጽሕፈት ቤቱ በዚያ ዱቡሻ ሰባት ስብሰባ ጠርቷል። ሽማግሌዎቹ በሰባቱም በሰዓቱ ተገኙ፤ አዳመጡ፣ ተናገሩ፣ ሲያበቃም ልብሳቸውን አራግፈው ተነሱ። ከሰባቱ አንዱም በምርቃት አልተበተነም።